ማሬክ የማን አገር ሰው ነው?

የዛሬው ታሪክ ከአንድ አባት ጥያቄ የመጣ ነው። ሲጠይቁኝ መልሱን አላውቅም ነበር። ሳነብና ስጠይቅ ሰንብቼ ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍል ብዬ ነው። እሳቸውም ጻፈው ብለውኛል። ዓመቶቹን ሁሉ ያስቀመጥኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

እኒህ አባት በቤታቸው ጓሮ ጥቂት ዶሮዎች ያረባሉ። ባለፈው ክረምት ለሥራ ጉዳይ ቤታቸው ስደርስ ፊታቸው ጠቁሮ ጠበቁኝ። ሁለት ቄቦች መሬት ላይ ወድቀዋል። አንደኛዋ አንድ እግሯን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ መነሣት አቅቷታል። የሁለተኛዋ ክንፏ ተንጠልጥሏል። ዓይናቸው ንቁ ነው፤ እህል ሲበተን አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ እግራቸው ግን አልታዘዝ ብሏቸዋል።

«ፈንግል አይደለም» አሉኝ። «ፈንግል ቢሆን በሁለት በሦስት ቀን ሁሉንም ጠርጎ ነበር። ይኼ አንድ አንዱን እየመረጠ ነው። ይኼ ሥር የሚይዝ ነገር ነው።»

የእንስሳት ሐኪም ጠራን። የመጣችው ወጣት ልጅ ናት። ዶሮዎቹን አገላብጣ አየችና «ማሬክ ይመስላል» አለች በዕብራይስጥ። «ነርቭ የሚይዝ በሽታ ነው። መድኃኒት የለውም። እንደተፈለፈሉ መከተብ ነበረባቸው።» እኔ ተረጎምኩላቸው። እሳቸውም «ነርቭ ማለት ሥር አይደል? እኔስ ምን አልኩህ?» አሉ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ለመሆኑ ይኼ ማሬክ ያለችው የማን አገር ሰው ነው? ምን በድዬው ነው ዶሮዬን የሚገድለው?» ብለው ሣቁ። ሐኪሟ «መሰለኝ ሃንጋሪ ነው» አለች። ከዚያ በላይ እሷም እኔም የምናውቀው አልነበረም።

እንግዲህ መልሱ ይኸውና።

ዮዤፍ ማሬክ የተወለደው በ1868 በማርች ወር፣ በቫግ ወንዝ አጠገብ ቫግሰርዳሄይ በምትባል መንደር ነው። ያን ጊዜ መንደሯ በሃንጋሪ መንግሥት ሥር ነበረች። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ድንበሩ እንደ አዲስ ሲሰመር ለቼኮስሎቫኪያ ደረሰች። ዛሬ የምትገኘው በስሎቫኪያ ውስጥ ነው፤ ስሟም ተለውጦ ሆርና ስትሬዳ ትባላለች። ስለዚህ «የማን አገር ሰው ነው?» የሚለው ጥያቄ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። የተወለደበት መንደር የሌላ አገር ሆነ፤ እሱ ግን የተማረውም፣ ያስተማረውም፣ የሞተውም በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ስለሆነ የሃንጋሪ ሰው ተብሎ ይታወቃል።

ማሬክ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ በ1892 ከቡዳፔስት ተመረቀ። ይህ ትምህርት ቤት በ1787 በፔሽት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደ አንድ ክፍል የተጀመረ ነው። ያን ጊዜ በአውሮፓ እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች አንዱ ከሌላው ተከትለው ይከፈቱ ነበር። የመጀመሪያው የተከፈተው በ1762 በፈረንሣይ አገር በሊዮን ከተማ ነው። መንግሥታቱ ገንዘብ ያወጡበት ዋናው ምክንያት የከብት እልቂት ነበር። እኛ አገር «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ መንጋውን እየጨረሰ ገበሬውን ባዶ እጁን ያስቀር ነበር። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለ ግብር የለም፣ ሠራዊትም አይቀለብም። የከብት ሐኪም የተፈለገው ለዚህ ነው።

1892 የሚለውን ዓመት ስታነቡ ትዝ የሚላችሁ ነገር ይኖር ይሆን? አያቶቻችሁ «ክፉ ቀን» ሲሉ ሰምታችኋል። ክፉ ቀን የሚባለው ከ1888 እስከ 1892 ያለው ጊዜ ነው። የጣልያን ጦር በምጽዋ በኩል ካስገባቸው ከብቶች ጋር ደስታ ወደ አገራችን ገባ። ከመቶው ከብት ዘጠና ያህሉ አለቀ ይባላል። ሰው በዶማና በእጁ ቆፈረ፣ ረሃቡና ወረርሽኙ ተከተለ። በጎንደር አካባቢ ያሉት የቤተ እስራኤል መንደሮችም ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተጎዱ፤ ስንቱ አለቀ፣ ስንቱ ተበተነ። እንግዲህ እኛ ዘንድ በሬው አልቆ ሰው ሲራብ፣ በዚያው ዘመን አንድ ወጣት በቡዳፔስት ከተማ የከብት በሽታ እየተማረ ነበር ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ምዕራብና መካከለኛው አውሮፓ ደስታን መግታት ችለው ነበር። በክትባት ወይም በመድኃኒት አልነበረም። ድንበር ዘግተው፣ የታመመውንና አብሮት የዋለውን ከብት ገድለው ቀብረው፣ በሽታ ያየ ሁሉ ለመንግሥት እንዲያስታውቅ አስገድደው ነው። በሽታውን የሚያውቅ ሰው በየወረዳው መኖሩ ብቻ ያን ያህል ሕይወት አድኗል። ደስታ ከምድር ላይ ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው ገና በ2011 ነው።

ወደ ማሬክ እንመለስ። በ1898 በስዊዘርላንድ ከበርን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። በ1901 በተማረበት በቡዳፔስቱ ትምህርት ቤት የውስጥ ደዌ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያ ወንበር ላይ እስከ 1935፣ ሠላሳ አራት ዓመት ቆየ። ትምህርት ቤቱም ተራ አልነበረም። በ1902 እዚያው ቡዳፔስት ውስጥ አላዳር አውየስኪ የሚባል ሐኪም እብደት የሚመስል ግን የእብድ ውሻ በሽታ ያልሆነ አንድ ደዌ ለይቶ አሳወቀ፤ ያም በሽታ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ይጠራል። ትምህርት ቤቱን ይመራ የነበረው ፌረንጽ ሁቲራ ደግሞ መጀመሪያ የሰው ሐኪም ሆኖ ሠልጥኖ ወደ እንስሳት ሕክምና የዞረ ሰው ነው። በዚያ ዘመን በአውሮፓም ቢሆን የከብት ሐኪም ከሰው ሐኪም በታች ይታይ ነበርና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁቲራና ማሬክ በ1905 ስለ ቤት እንስሳት በሽታዎች አንድ ትልቅ መጽሐፍ በጀርመንኛ አወጡ። ጀርመንኛ ያን ጊዜ የሊቃውንት ቋንቋ ስለነበረ ብዙ አገር ደረሰ። በኋላ ወደ እንግሊዝኛና ወደ ሌሎች ቋንቋዎች ተተረጎመ። ሬዠ ማኒንገር የሚባል ሌላ የሃንጋሪ ሊቅም ሦስተኛ ጸሐፊ ሆኖ ገባበት። መጽሐፉ እየታደሰ ለሃምሳ ዓመት ያህል ታትሟል። በዚያ ዘመን የእንስሳት ሕክምና የተማረ ሰው፣ የትም ይማር የት፣ የሁለቱን ስም አንድ ላይ «ሁቲራና ማሬክ» ብሎ ይጠራ ነበር።

ለመሆኑ ማሬክ ምን ዓይነት ሐኪም ነበር? በበረት የሚሠራ ሐኪም ነው። ዛሬ በሽታ የሚለየው በደም ምርመራና በማሽን ነው። ያን ጊዜ የሐኪሙ መሣሪያ እጁ፣ ዓይኑና ጆሮው ነበር። የላሟን ጎን በጣት መታ መታ አድርጎ ድምፁን መስማት፣ የትንፋሹን አካሄድ ማዳመጥ፣ ኩሱንና ሽንቱን ማየት፣ እግሯን ስታነሣና ስትጥል መመልከት። ማሬክ ይህንን ሁሉ በሥርዓት አስቀምጦ በ1912 ስለ ምርመራ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ጻፈ። እናንተ አባቶች ይህን ስታነቡ «ይኼማ የእኛ ሥራ ነው» እንደምትሉ አውቃለሁ። ጠዋት በሬው ከበረት ሲወጣ አካሄዱን አይቶ «ዛሬ ይኼ በሬ አልተመቸውም» የሚል ሰው ይኼንኑ ነው የሚያደርገው።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ፈረስ እንደ ሰው ወይም እንደ ውሻ ማስመለስ አይችልም። የበላው ቢቦካበት፣ ሆዱ በአየር ቢነፋ፣ የሚወጣበት መንገድ የለውም፤ ጨጓራው ሊፈነዳ ይችላል። ማሬክ እስከ ጨጓራ የሚደርስ ቱቦ ሠርቶ አየሩንና ፈሳሹን የሚያስወጣበትን ዘዴ አለመደ። ቱቦው በስሙ «የማሬክ ቱቦ» ተብሎ ተጠርቷል። በዚያ ዘመን ፈረስ ማለት መኪናም፣ ትራክተርም፣ የጦር መሣሪያም ነበር። አንድ ፈረስ ማዳን አንድ ቤተሰብ ከነእንጀራው ማዳን ነው።

ፈረሶችን ሲያክም ዱሪን የሚባል በርቢ የሚተላለፍ በሽታም አጥንቷል። ይህ በሽታ እየቆየ ነርቭ ይጎዳል፤ ፈረሱ የኋላ እግሩ ይዝላል፣ ይንገዳገዳል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። ስለዚህ የማሬክ ዓይን የእንስሳ እግር ሲከዳ ወደ ጀርባ አጥንትና ወደ ነርቭ መመልከትን የለመደ ዓይን ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ አሁን ወደ ዶሮዎቹ መድረሳችን ነው።

በ1907 ማሬክ አራት አውራ ዶሮዎች መረመረ። አራቱም ያደጉ ናቸው። እግራቸውና ክንፋቸው ሰንፏል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ዶሮ ሲያይ ወይ ያርደዋል ወይ ይጥለዋል። አውራ ዶሮ እኮ ነው፣ ፈረስ አይደለም፤ ማን ጊዜውን ያባክንበታል? ማሬክ ግን ሬሳውን ከፍቶ፣ ከጀርባ አጥንት ወጥተው ወደ እግር የሚወርዱትን ነርቮች ተመለከተ። ከልክ በላይ ወፍረዋል። በማጉያ መነጽር ሲያያቸው መሆን በሌለባቸው ቦታ ብዙ ጥቃቅን ሕዋሳት በነርቩ ውስጥ ሰርገው ገብተዋል። ይህንን ሁሉ በአንድ የጀርመን የእንስሳት ሕክምና ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ስሙንም የብዙ ነርቮች መቆጣት አለው።

ከየት መጣ? ምን አመጣው? አላወቀም። ያን ጊዜ ቫይረስን የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። እሱም ያላወቀውን እንዳወቀ አድርጎ አልሞላበትም፤ ያየውን እንዳየው ጻፈ። የጽሑፉ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። በኋላ የመጡት ሰዎች የእሱን ጽሑፍ አንብበው «እኛ ያየነውም ይኼንኑ ነው» ለማለት የቻሉት በደንብ ስላስቀመጠው ነው።

ማሬክ ራሱ በዶሮ ላይ አልቆየም። ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። ከሌሎች ጋር ሆኖ ስለ ሪኬትስ፣ ማለት አጥንት ለስልሶ ስለሚጎብጥበት በሽታ፣ በካልሲየምና በፎስፈረስ መዛባት ምክንያት እንደሚመጣ ለዓመታት አጥንቶ ጽፏል። በግ በሚጨርሰው የጉበት ትል ላይም ሠርቷል። ረግረጋማ ሣር ላይ የዋለ በግ ጉበቱ በትል ተበልቶ ጉንጩ ሥር ሲያብጥ ያላየ እረኛ የለም። ማሬክ ለዚህ «ዲስቶል» የተባለ መድኃኒት አስተዋወቀ፤ የተሠራው ፈርን ከሚባል የጥላ ተክል ሥር ነው።

እዚህ ላይ ለእናቶች የሚሆን አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ያ የፈርን ሥርና የኛ ኮሶ በሐኪሞች መጽሐፍ ውስጥ ዘመድ ናቸው። ሁለቱም ትል የሚያስወጡት በተቀራረበ ዓይነት ንጥረ ነገር ነው። ኮሶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአበሻ አገር ወደ አውሮፓ ሄዶ በፋርማሲዎቻቸው መዝገብ ላይ ከፈርን ጎን ተጽፎ ነበር። እናቶቻችን በየጊዜው በዋንጫ ሰጥተው ፊታችንን ሲያስጨፈግጉን የነበረው ነገር የቡዳፔስት በጎችን ካዳነው መድኃኒት ጋር አንድ ወገን ነው። ያን ጊዜ ይኼን ባውቅ ትንሽ ይጣፍጠኝ ነበር እንዴ? አይመስለኝም።

የማሬክ የሽምግልና ዘመን የሰላም ዘመን አልነበረም። በጡረታ ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1944 በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ከሃንጋሪ ከ430 ሺህ በላይ አይሁዶች በባቡር ተጭነው አብዛኞቹ ወደ አውሽቪትስ ተላኩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የቡዳፔስት ጌቶ ታጠረ፤ የታጠረውም የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱ ባለበት በዚያው በሰባተኛው ክፍለ ከተማ ነው። እዚህ አገር ከሃንጋሪ የመጡ ጎረቤቶች ያሏችሁ ይህን ታሪክ ከእነሱ አፍ ሰምታችሁ ይሆናል። ከዚያም ከተማዋ ለሃምሳ ቀን ያህል ተከባ ተደበደበች። ከጦርነቱ በኋላ አዲሱ መንግሥት በ1949 ኮሹት የሚባለውን የአገሪቱን ትልቅ ሽልማት ለማሬክ ሰጠው። በ1952 በሴፕቴምበር ወር፣ በ84 ዓመቱ ቡዳፔስት ውስጥ ሞተ።

ሲሞት «የማሬክ በሽታ» የሚለው ስም ገና አልጸናም ነበር። ስሙ ከዶሮ ጋር በሰፊው የተያያዘው ከሞተ በኋላ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው።

በ1920ዎቹ በአሜሪካ ፓፐንሃይመርና ባልደረቦቹ ይኼንኑ ሽባ የሚያደርግ በሽታ ሲያጠኑ፣ ከታመሙት ዶሮዎች አንዳንዶቹ ሆዳቸው ውስጥ ዕጢ እንዳለባቸው አዩ። ከሁለተኛው ጦርነት በኋላ ደግሞ የዶሮ እርባታ ተለወጠ። በየጓሮው አምስትና አሥር ትረባ የነበረችው ዶሮ በአንድ ጣሪያ ሥር በሺህ ታጉራ መኖር ጀመረች። በሽታውም አብሮ ተለወጠ። ሽባ ማድረጉ ቀርቶ አይደለም፤ አሁን ግን ጉበት፣ ጣፊያና የእንቁላል ማቀፊያ በዕጢ እየተሞላ ወጣቶቹ ቄቦች ማለቅ ጀመሩ። በአንዳንድ እርባታ ከመንጋው ሲሶው ይሞት ነበር። ዕጢ የሚያወጣ ሌላ የዶሮ በሽታም ስላለ ሐኪሞቹ ተደናገሩ። አንዱ የሚያወራው ስለ አንዱ፣ ሌላው ስለ ሌላው ሆነና መግባባት ጠፋ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው ፒተር ቢግስ ሁለቱ ይለዩ፣ ይኼኛው በመጀመሪያ ባየው ሰው ስም ይጠራ አለ። «የማሬክ በሽታ» የሚለው ስም የጸናው እንዲህ ነው።

በ1967 ቢግስና ቸርችል የሚባል ባልደረባው እንግሊዝ አገር በሃውተን የምርምር ጣቢያ ውስጥ ምክንያቱን አገኙት። ቫይረስ ነው። ሰው ላይ ጉድፍና አልማዝ ባለጭራ የሚያወጣው ቫይረስ ያለበት ወገን ነው፤ ይኼኛው ግን ሰውን አይዝም። ማሬክ አራቱን ዶሮዎች ካየ 60 ዓመት፣ ከሞተ 15 ዓመት ሆኖት ነበር። በኋላም ቫይረሱ በላባ ሥር ባለው ቆዳ ውስጥ እንደሚራባና ከላባ በሚረግፈው ብናኝ ከዶሮ ወደ ዶሮ እንደሚተላለፍ ታወቀ። በእንቁላል አይተላለፍም። ጫጩት የሚይዘው ከተፈለፈለ በኋላ አቧራውን ሲተነፍስ ነው። አቧራው ደግሞ ለወራት መርዙን ይዞ ይቆያል።

ክትባቱም ብዙ አልቆየም። በ1969 የመጀመሪያው ተዘጋጀ። በ1970 ደግሞ አሜሪካኖች በተርኪ ላይ የሚኖር፣ ዶሮን የማይጎዳ የዚህ ቫይረስ ዘመድ አግኝተው እሱን ክትባት አደረጉት። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሰውም ሆነ በእንስሳ ካንሰርን የሚከላከል ውጤታማ ክትባት ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ጫጩቶች በተፈለፈሉበት ቀን፣ ወይም ገና እንቁላል ውስጥ በ18ኛው ቀን ገደማ ይከተባሉ። እዚህ አገር ከሱፐርማርኬት የምንገዛው ዶሮና እንቁላል ይህን ያህል የተትረፈረፈው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ አላለቀም። ክትባቱ ዶሮዋን ከሞት ያድናታል እንጂ ቫይረሱ ገብቶ እንዳይኖርባት አያግድም። በ2015 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀድሞ ተሸካሚውን ቶሎ ገድሎ አብሮ ይቀበር የነበረው ኃይለኛ ዝርያ፣ አሁን የተከተበችው ዶሮ ስለማትሞት በእሷ ላይ ሆኖ ወደ ሌላው ይዛመታል። ያልተከተበች ዶሮ ካገኘ ያገኘናት ወየውላት። በ2023 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከጥንታዊ ዶሮ አጥንት ውስጥ የቫይረሱን ዘር አውጥቶ ሲመረምር፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊትም እንደነበረ፣ ያን ጊዜ ግን እንደ ዛሬው ጨካኝ ሳይሆን እንዳልቀረ አሳይቷል። በሽታውን ያከፋው ዶሮን አጉረን ያረባንበት መንገድ ጭምር ነው ማለት ነው። ይህ የማንንም አገር አይመርጥም፤ በመካከለኛው ኢትዮጵያ ባሉ የዶሮ እርባታዎችም በሽታው መታየቱ ተጽፏል።

ዶሮ ለምታረቡ ሰዎች ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው ይኼ ነው። ጫጩት ስትገዙ «ለማሬክ ተከትባለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤት ውስጥ በአቃፊ የተፈለፈለ ጫጩት ክትባት የለውምና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከትልልቆቹ ለይታችሁ አሳድጉ። ቤቱን ከአሮጌ ላባና ከአቧራ አጽዱ። አንዴ ከታመመች መድኃኒት ስለሌላት ገንዘባችሁን በከንቱ አታፍስሱ። በሽታው ወደ ልጆች ይተላለፋል ብላችሁም አትስጉ። እግሯ የሰነፈ ሁሉ ግን ማሬክ አይደለምና ሐኪም ሳይጠሩ መፍረድ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ወደዚህ አገር ስንገባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዕብራይስጥ ቶሎ ስለለመድኩ በየቢሮው ለአባቴ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ ቢሮ ውስጥ ቅጽ የምትሞላ ሴት «ሙያው ምንድነው?» አለችኝ። አባቴ «ከብት» አለ። እኔም «ላሞች» ብዬ ተረጎምኩ። እሷ ፈገግ አለችና በቦታው ላይ «የለም» ብላ ጻፈች። ቅጹን ማንበብ እችል ነበርና አየሁት። ለአባቴ ግን አልነገርኩትም፤ አፈርኩ። ያፈርኩት በእሷ ይሁን በእሱ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። አባቴ የላም አተነፋፈስ ሰምቶ ምን እንደበላች የሚያውቅ፣ የጎረቤት በሬ ሲታመም ሌሊት የሚጠራ ሰው ነበር። አሁን በሕይወት የለም። ከሚያውቀው ነገር እኔ ጋ የቀረው ከእፍኝ አይበልጥም፤ አልጠየቅሁትምና።

የማሬክን ታሪክ ሳነብ ደጋግሜ ያሰብኩት ይኼንን ነው። ማሬክ ፕሮፌሰር ነው፣ አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ላመሳስላቸው ብዬ አይደለም። ነገር ግን ሁለቱም የታመመ እንስሳ ፊት ቆመው በትዕግሥት ያዩ ሰዎች ናቸው። የአንዱ ተጻፈ፣ የአንዱ አልተጻፈም። የተጻፈው ከ60 ዓመት በኋላ ለሌላ ሰው መንገድ አሳየ።

ያገኘሁትን ሁሉ ለእኒያ አባት ሄጄ አወራኋቸው። ቡና እየጠጣን ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፦

«እንግዲያ ሰውዬው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሞተ በለኛ?» አሉ።

«አዎ አባባ፣ ሳያውቅ ሞተ።»

«ያየውን ግን ተናግሮ ሞተ።»

«አዎ።»

«እንግዲህ ደግ ሰው ነው። ዶሮዬን የገደለው እሱ አይደለም ማለት ነው» አሉና ሣቁ። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጠሩ፤ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። «ስልክሽን አምጪ፣ ቅጂኝ» አሏት። ስለ ፈንግል ጀመሩ፤ ከፈንግል ወደ አባ ሰንጋ፣ ከአባ ሰንጋ ወደ ደስታ፣ ከደስታ አያታቸው ስለ ክፉ ቀን ወደ ነገሯቸው ሄዱ። ልጅቱ አማርኛው ሲከብዳት እያስቆመች ትጠይቃቸዋለች። እኔ ሌላ ቀጠሮ ነበረኝና ተነሣሁ። እሳቸው ገና ወሬው መሐል ላይ ነበሩ።

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዶሮ፣ ስለ በግ በሽታ የምታውቁትን፣ ስሙንና ምልክቱን፣ ምን ታደርጉለት እንደነበር፣ ምክንያቱን ባታውቁትም እንኳ ከታች ጻፉልን። መጻፍ የማትችሉ ልጆቻችሁን አስቀዱና ላኩልን። ደህና ሁኑ።